ከፍላሹ ላይ የትኛውን እንክፈት? የጦር ድራማ መምረጫ ለጅማ ቤቶች

ቅዳሜ ማታ፣ ጅማ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ረከቦቱ ቀርቧል፣ ፍላሹ ቴሌቪዥኑ ላይ ተሰክቷል። ፍላሹ ውስጥ አምስት ስድስት የጦር ድራማ አለ፤ ቤቱ ውስጥ ደግሞ አንድ የቀድሞ ወታደር፣ ሁለት ታዳጊ ልጆች፣ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ቡና የምታፈላ እናትና ሁለት ጎረቤት። ሪሞቱን የያዘው ብዙ ጭስና ብዙ ታንክ ያለበትን ይከፍታል። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ግማሹ ሰው ስልኩ ላይ አቀርቅሯል፣ ጋሼም ቀስ ብለው ወደ በረንዳ ወጥተዋል።

ድራማው ጥሩ ሊሆን ይችላል። ለዚያ ቤትና ለዚያ ምሽት ግን የሚሆን አልነበረም። የጦር ድራማ ከመክፈት በፊት ሦስት ነገር መጠየቅ ይበቃል፦ ስንት ፊት እንድናስታውስ ይፈልጋል? ተኩስ በሌለበት ሰዓት ምን ያሳየናል? አብሮን የተቀመጠው ማን ነው? የፍንዳታው ጉዳይ ከነዚህ በኋላ ይመጣል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የማይሰለቹበት ምክንያት

ፊልም ሁለት ሰዓት አለው። በሁለት ሰዓት ውጊያ ይታያል፤ መጠበቅ ግን አይታይም። ግንባር የነበረን ሰው ብትጠይቁት አብዛኛው ጊዜው ያለፈው በጥበቃ፣ በእግር ጉዞ፣ ምሽግ በመቆፈር፣ ያልመጣ ስንቅ በመጠበቅና የአለቃ ንዝንዝ በመስማት እንደሆነ ይነግራችኋል። ተከታታይ ድራማ አሥር ሰዓት ስላለው ይህን ሁሉ ያሳያል። ክፍል አንድ ላይ ከጓደኛው ጋር በሲጋራ ሲጨቃጨቅ ያያችሁት ልጅ ክፍል ሰባት ላይ ሲመታ የሚያስደነግጣችሁ ሰባት ሰዓት አብራችሁት ስለኖራችሁ ነው።

ሌላው ምክንያት መለዮው ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሚለብስ ጸሐፊው ሰውን በልብሱ፣ በቤቱ ወይም በመኪናው ሊለይልን አይችልም። በአነጋገሩ፣ በቀልዱ፣ በሚፈራው ነገር መለየት አለበት። ጎበዝ ጸሐፊ እዚህ ላይ ይታወቃል፤ ሰነፉም የሚጋለጠው እዚሁ ነው።

ስለዚህ ድራማው ከጦርነቱ ይልቅ ዕድሜ ይኖረዋል። ኮምባት የሚባለው የአሜሪካ ድራማ ከ1962 እስከ 1967 ድረስ 152 ክፍል ተሠርቶለታል፤ የሚተርከው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመቻ፣ ፈረንሳይ ውስጥ ኖርማንዲ ላይ ከማረፍ እስከ ጀርመን እጅ መስጠት፣ በእውነቱ ዓለም የፈጀው 11 ወር ነው። የኮሪያ ጦርነት 3 ዓመት ወሰደ፤ ስለሱ የተሠራው ማሽ 11 ዓመት በአየር ላይ ቆየ።

ጀማሪ ከሆናችሁ፦ ባንድ ኦቭ ብራዘርስ

በ2001 በኤችቢኦ የታየ፣ 10 ክፍል፣ በድምሩ 10 ሰዓት ገደማ። የአሜሪካ 101ኛ አየር ወለድ ክፍለ ጦር፣ የ506ኛው ሬጅመንት ኢዚ የተባለው ሻምበል (የጦር ክፍል) እውነተኛ ታሪክ ነው፤ ጆርጂያ ውስጥ ቶኮዋ ከሚባለው የማሠልጠኛ ሰፈር ተነስቶ በሰኔ 1944 ኖርማንዲ ላይ ይዘላል፣ በሆላንድና በቤልጅግ አድርጎ ኦስትሪያ ላይ ያበቃል። ለጀማሪ የምንመርጠው በአንድ ምክንያት ነው፦ አንድ ሻምበል፣ አንድ መንገድ፣ አንድ አቅጣጫ። ቦታው ቢቀያየርም ሰዎቹ እነዚያው ናቸው።

ሰው የሚያቋርጠው ክፍል ሁለት ላይ ነው፣ ምክንያቱም ክፍል አንድን ዘልሎታል። «ሥልጠና ነው፣ ውጊያ የለውም» ይባላል። እውነት ነው፣ የለውም። ግን ፊት የሚለመደው እዚያ ነው፤ ከክፍል ሁለት ጀምሮ ፊታቸው በጥላሸት ይጠቆራል፣ የብረት ቆባቸው ግንባራቸውን ይሸፍናል፣ ሌሊትም ነው። ክፍል አንድ ላይ አምስት ሰው ብቻ ያዙ፦ ዊንተርስን (ቀይ ፀጉር፣ መጠጥ የማይነካው መኮንን)፣ ኒክሰንን (ጓደኛው፣ ጠጪው)፣ ሶብልን (ሁሉም የሚጠላው የሻምበል አዛዥ)፣ ሊፕተንን (ረጋ ያለው የበታች ሹም)፣ ጋርኒርን (አፈ ፈጣኑ የፊላደልፊያ ልጅ)። ሌላው ቀስ እያለ ይመጣል።

አንድ ጠቃሚ ምልክት አለ። የብረት ቆቡን ከኋላ እዩት፤ ነጭ መስመር ወደ ላይ ከቆመ መኮንን ነው፣ ከተጋደመ የበታች ሹም ነው። በጎን በኩል ያለው የካርታ ጦር የሚመስል ምልክት ደግሞ የ506ኛው መለያ ነው። ይህን ያወቀ ሰው በጨለማና በሩጫ መሃል እንኳ ማን ማንን እንደሚያዝ ይገባዋል።

በቤት ውስጥ ጮክ ብሎ የሚተረጉም ሰው ካለ ማዕረጎቹን በእኛው ስም ይጥራቸው፦ ኮርፖራል አሥር አለቃ፣ ሳጅን ሃምሳ አለቃ፣ ሌፍተናንት የመቶ አለቃ፣ ካፕቴን ሻምበል፣ ሜጀር ሻለቃ። እንግሊዝኛ የማይሰሙ አባት «የመቶ አለቃው ሻምበሉን ተቃወመ» ሲባሉ ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ከተማሪዋ ቀድመው ይገባቸዋል።

ይህ ድራማ ለምን እንደቆየ ማየት የሚፈልግ ክፍል ስድስትን በጥሞና ይመልከት። ታኅሣሥ 1944፣ ባስቶን፣ በረዶ። ሻምበሉ የክረምት ልብስ ሳይኖረው በጀርመኖች ተከቧል። ካሜራው የሚከተለው ዩጂን ሮ የሚባለውን የሕክምና ወታደር ነው። ሮ በአብዛኛው ክፍሉ ውስጥ የሚያደርገው ነገር ልመና ነው፤ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ እየዞረ መቀስ ይለምናል፣ ፋሻ ይለምናል፣ ለየግሉ የታደለችውን ሞርፊን ከየኪሱ ይሰበስባል። ከተማው ውስጥ ካለው ቤተ ክርስቲያን ከተሠራ ጊዜያዊ ሆስፒታል አንዲት ቤልጅጋዊት ነርስ ቸኮሌት ትሰጠዋለች። ቆይቶ ቦታው በቦምብ ይፈርሳል፤ ሮ ፍርስራሹ ውስጥ ሰማያዊ የራስ መሸፈኛዋን ያገኘዋል። ከዚያ አንድ ጓደኛው እጁ ላይ ይቆስላል፣ ፋሻ የለም። ሮ መሸፈኛውን ከኪሱ አውጥቶ ትንሽ ያያትና ይቀድዳታል። ስለ ነርሷ አንድ ቃል አይነገርም። ከአንድ መቶ ታንክ ይልቅ ያቺ የጨርቅ ቅዳጅ ትከብዳለች። ክፍሉ ሲታይ ቡና አትቁሉ፤ ድምፁና ጭሱ ሌላ ጊዜ ይደርሳል።

ከልጆች ጋር ለምታዩ፦ ስድብ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አለ። ክፍል ዘጠኝ የናዚ ማጎሪያ ካምፕ ሲገኝ ያሳያል፣ የመኝታ ትዕይንትም አለበት። ከ15 ዓመት በታች ላለ ልጅ ክፍል ዘጠኝን አዋቂ ቀድሞ ይየው።

ባንድ ኦቭ ብራዘርስ ወይስ ዘ ፓስፊክ?

በብዛት የሚነሳ ጥያቄ ነው። ሁለቱንም ያዘጋጁት እነ ቶም ሃንክስና ስቲቨን ስፒልበርግ ናቸው፣ ሁለቱም 10 ክፍል ናቸው፣ ስለዚህ ሰው ሁለተኛውን እንደ መጀመሪያው ቅጥያ አድርጎ ይከፍተዋል። ከዚያ ይከፋዋል።

ዘ ፓስፊክ (2010) አንድ ሻምበል አይከተልም። በጃፓን ግንባር የተዋጉ ሦስት እውነተኛ ማሪኖችን (የአሜሪካ ባሕር ወለድ ወታደሮችን) ይከተላል፦ ሮበርት ሌኪን፣ ጆን ባሲሎንን፣ ዩጂን ስሌጅን። ሦስቱ አብረው የሚሆኑበት ጊዜ የለም ማለት ይቻላል። ስሌጅ ደግሞ እውነተኛ ውጊያ ውስጥ የሚገባው ክፍል አምስት ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ «ይሄ ልጅ ምን ይሠራል እዚህ?» የሚል ሰው አይጠፋም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከመጀመራችሁ በፊት ለቤቱ ሰው «ሦስት ታሪክ ነው፣ እየተፈራረቀ ይሄዳል፣ የስሌጅ ኋላ ላይ ይመጣል» ብላችሁ ንገሩ።

ልዩነቱ ግን ከአተራረክም በላይ ነው። የመጀመሪያው ሰዎች በጦርነት ውስጥ እንዴት እንደሚጠጋገኑ ያሳያል፤ ሁለተኛው አንድ ደህና ልጅ እንዴት እንደሚበሰብስ ያሳያል። ጭቃ፣ ዝናብ፣ የውሃ ጥም፣ በሽታ። ፔሌሊዩ የተባለችውን ደሴት የሚሸፍኑት ክፍል አምስት፣ ስድስትና ሰባት ከየትኛውም የቴሌቪዥን ውጊያ የከበዱ ናቸው። እዚያ ውስጥ አንዱ ወታደር ቁጭ ብሎ፣ አናቱ የተከፈተ የሞተ ጠላት ራስ ቅል ውስጥ ጠጠር ይወረውራል፣ ልጅ ገበጣ እንደሚጫወት። ማንም አይገስጸውም። ኋላ ስሌጅ ራሱ ከሬሳ አፍ የወርቅ ጥርስ ሊነቅል ሲነሳ የሚያስቆመው ያው ጠጠር ወርዋሪው ነው፤ ምክንያት አድርጎ የሚያቀርበውም ጀርም ነው።

የምንለው ይህን ነው፦ የመጀመሪያውን ያልወደደ ሰው ሁለተኛውን አይጀምር፤ የወደደም ወዲያው አይጀምር። አንድ ወር ይቆይ። ሰው የሚከፋበት ዋናው ምክንያት የጓደኝነቱን ሙቀት እንደያዘ ገብቶ እዚያ ሙቀት ማጣቱ ነው። ክፍል ሦስት (ሜልቦርን) ውጊያ የለውም፤ ግልጽ የመኝታ ትዕይንት ግን አለው። ከአማት ጋር የሚታይ አይደለም።

የአሥረኛው ክፍል ርዕሰ ጉዳይ ወደ ቤት መመለስ ነው። ስሌጅ ከአባቱ ጋር ርግብ አደን ሲወጣ ጠመንጃ መያዝ አቅቶት ያለቅሳል። ከግንባር የተመለሰ ወንድም ወይም ልጅ ያለበት ቤት ይህን ክፍል ቢያንስ አንድ ሰው ቀድሞ አይቶት ይወስን።

የወታደር ወሬ ለሚወድ፦ ጄኔሬሽን ኪል

በ2008 የወጣ፣ 7 ክፍል፣ እያንዳንዱ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ያልፋል። በ2003 ኢራቅን የወረሩት የአሜሪካ የማሪን ቃኚዎች ናቸው፤ ከፊት በምትሄደው ሃምቪ (የጦር መኪና) ውስጥ አንድ ጋዜጠኛ አብሯቸው ተጭኗል። የኢራቅ በረሃ ተብሎ የሚታየው ናሚቢያ፣ ደቡብ አፍሪካና ሞዛምቢክ ነው።

በእኛ ግምት ከተዘረዘሩት ሁሉ ስለ ሠራዊት ኑሮ በጣም እውነተኛው ይህ ነው፣ ለአብዛኛው ቤት ደግሞ በጣም የማይመቸው። ምክንያቱ አንድ ነው፦ ወሬው። ሰባት ሰዓት ሙሉ ያወራሉ፣ በሬዲዮ ኮድ፣ በአህጽሮተ ቃል፣ በስድብ። እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱ ሰዎች እንኳ ጽሑፍ አብርተው ነው የሚያዩት። ጮክ ብሎ መተርጎም አይታሰብም። ማጀቢያ ሙዚቃም የለውም፤ ያለው ዘፈን ወታደሮቹ ራሳቸው መኪና ውስጥ የሚያንጎራጉሩት ነው። ስለዚህ መቼ መፍራት እንዳለባችሁ ማንም አይነግራችሁም፤ ይህ ለለመደው ጣዕም ነው፣ ላልለመደው «ምንም የማይሆንበት» ድራማ ነው።

ምን እንደሚመስል ለመገመት ይቺን ያዙ። ጦሩ ወደ ባግዳድ እየገሰገሰ ነው። ለሌሊት ማያው መነጽር ባትሪ የለም፣ ለመሣሪያው ቅባት የለም፣ ሃምቪዎቹም ብረት ለበስ አይደሉም። በዚህ ሁሉ መሃል ሻለቃ ባሻው ከመኪና ወደ መኪና እየዞረ የሚቆጣው ስለ ጢም ርዝመት ነው። ጢማቸው ከደንቡ አልፏል። በዚህ የሳቀ የቀድሞ ወታደር ቤታችሁ ካለ ድራማው ተገኘ ማለት ነው።

የሚመቸው ለማን ነው? እንግሊዝኛ ለሚያነብ ሁለት ሦስት ተማሪ፣ በላፕቶፕ፣ በጆሮ ማዳመጫ። ለቤተሰብ ምሽት አይሆንም።

ማስተርስ ኦቭ ዘ ኤር

የ2024፣ 9 ክፍል፣ አፕል ቲቪ። ከእንግሊዝ እየተነሱ ጀርመንን የደበደቡት የ100ኛው የቦምብ ጣይ ቡድን አውሮፕላኖች፣ በእያንዳንዷ ቢ-17 ውስጥ 10 ሰው። ሥዕሉ ያምራል። ችግሩ ሁለት ነው፦ ሁለቱ ዋና ሰዎች አንዱ «ባክ» ሌላው «ባኪ» ይባላሉ፣ አየር ላይ ሲወጡ ደግሞ የኦክስጅን ጭምብል ስለሚያጠልቁ ማን እንደሚናገር አይለይም። ድምፁን ተከትላችሁ ሳይሆን ጽሑፉን ተከትላችሁ እዩ። ክፍል አምስት ላይ ያለው የሙንስተር ዘመቻ (ጥቅምት 1943) ከዚያ ቡድን አንዲት አውሮፕላን ብቻ የተመለሰችበት ነው፤ የአውሮፕላን ማቆሚያው ባዶነት ሲታይ ማንም ቤት ውስጥ አያወራም። ሁለተኛው አጋማሽ በአብዛኛው የምርኮኛ ካምፕ ነው፤ የአየር ውጊያ ብቻ ፈልጎ የጀመረ እዚያ ይደክማል።

ለአዛውንቶች፦ ማሽ

ከ1972 እስከ 1983፣ 256 ክፍል፣ እያንዳንዱ 25 ደቂቃ አካባቢ። ኮሪያ ውስጥ ከግንባር ጀርባ ባለ ድንኳን ሆስፒታል የሚሠሩ ሐኪሞች። በመጀመሪያ ሲታይ ኮሜዲ ነው፤ ቀስ እያለ ግን ቀልዱ የሚያለቅስ ሰው ቀልድ ይሆናል። የመጨረሻው ክፍል የካቲት 28 ቀን 1983 ሲተላለፍ አሜሪካ ውስጥ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሰው አይቶታል።

ለእኛ ልዩ የሚያደርገው ቦታው ነው። የቃኘው ሻለቃ ጦር በግንቦት 1951 ፑሳን ወደብ የደረሰው ወደዚያው ጦርነት ነው፤ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተመድቦ ተዋግቷል፣ አንድም ሰው አልተማረከበትም። ስለዚህ «ኮሪያ ሄዶ የመጣ» ዘመድ ስም በሚነሳበት ቤት ተራራውንና ብርዱን እያሳዩ ማውራት ይቻላል። ምርጥ ነው የምንለው የሦስተኛው ምዕራፍ መዝጊያ፣ መጋቢት 1975 የታየው፣ ርዕሱ ላይ «አቢሲኒያ» የሚል ቃል አለው። አይገርማችሁ፣ ስለ እኛ አይደለም፤ «እንገናኛለን» የሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ ቶሎ ሲነገር እንደዚያ ስለሚሰማ የተሠራ የቃላት ጨዋታ ነው። የሆስፒታሉ አዛዥ ወደ አገሩ ተሸኝቶ ይሄዳል፤ ከዚያ ጸሐፊው ልጅ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብቶ አውሮፕላኑ ተመትቶ ባሕር ላይ እንደወደቀ፣ የተረፈ እንደሌለ ያነባል። ሐኪሞቹ መስፋታቸውን አያቆሙም። የዚያች ገጽ ጽሑፍ ለተዋናዮቹ የተሰጠችው ልትቀረጽ ስትል ነው።

አንድ የሚያበላሽ ነገር አለ፦ የተቀዳው ሳቅ። አዘጋጆቹ አልፈለጉትም፣ ጣቢያው ግድ አላቸው፤ ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ግን አይሰማም። ዲቪዲው ላይ ሳቅ የሌለበትን ድምፅ መምረጥ ይቻላል፤ ካገኛችሁ እሱን ምረጡ። በንግግር ስለሚቀልድ ትርጉም ይከብደዋል፤ እንግሊዝኛ የሚሰማ አንድ ሰው ከጎን ያስፈልጋል።

ጽሑፍ ማንበብ ለማይፈልግ፣ ለልጆች፣ ለረመዳን ምሽት

ቃና ከ2016 ጀምሮ የውጭ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ስላስለመደን «በአማርኛ የለም ወይ?» ብለው የሚጠይቁ ብዙ ናቸው። ከላይ ያሉትን በአማርኛ ድምፅ እናገኛለን ብላችሁ አትጠብቁ። በጽሑፍ መነታረክ ለማይፈልግ ሁለት አማራጭ አለ፤ ቃሉ ባይገባም ታሪኩ በሥዕል የሚከተል ነው።

ኤርቱግሩል ከ2014 እስከ 2019 በቱርክ የታየ፣ በመጀመሪያ አቆራረጡ 150 ክፍል፣ እያንዳንዱ ሁለት ሰዓት የሚጠጋ። 300 ሰዓት ማለት ነው። ማታ ማታ አንድ ክፍል ብታዩ አምስት ወር ይወስዳል። ሰይፍና ፈረስ እንጂ ጠመንጃ የለውም፣ የመኝታ ትዕይንት የለውም፣ ስለዚህ ጅማ ውስጥ ከአያት እስከ ልጅ አብሮ የሚያየው ይህንን ነው። አንገት መቁረጥ ግን አለ፤ ትንንሾቹን ልብ በሉ። እንደ ታሪክ መጽሐፍ አትያዙት፤ ስለ 13ኛው ክፍለ ዘመን ኤርቱግሩል የተጻፈ መረጃ ጥቂት ስለሆነ አብዛኛው ሴራ የጸሐፊዎቹ ፈጠራ ነው።

የኮሪያው ዲሴንዳንትስ ኦቭ ዘ ሰን (2016፣ 16 ክፍል) የልዩ ኃይል ሻምበልና የአንዲት ቀዶ ሐኪም ፍቅር ነው። ታሪኩ የሚካሄድባት ኡሩክ የምትባል አገር በእውነቱ ዓለም የለችም፤ የተቀረጸው በከፊል ግሪክ ነው። ወታደሩ ሁልጊዜ ፀጉሩ የተበጠረ ነው፣ ጥይት ተመትቶም ቆንጆ ነው። ጦርነት ለማየት አይደለም የሚከፈተው። ነገር ግን ሁሉም የቤቱ ሰው ሳይጨናነቅ የሚያየው ወታደር ያለበት ድራማ ከተፈለገ ከዚህ የተሻለ የለም።

ጀርመኖች ራሳቸውን እንዴት እንደሚያዩ ማወቅ የሚፈልግ ደግሞ ጄኔሬሽን ዋርን ይይ፤ 2013፣ 3 ክፍል፣ እያንዳንዱ አንድ ሰዓት ተኩል። ከበርሊን የተነሱ አምስት ጓደኛሞች ናቸው። ፖላንዶች የራሳቸው አርበኞች በተሳሉበት መንገድ ክፉኛ ተቆጥተውበታል፤ ያን አውቆ ማየት ጥሩ ነው።

ግንባር ያየ ሰው ቤት ውስጥ ካለ

«ወታደር ስለነበሩ ይወዱታል» ብሎ ማሰብ ትልቁ ስህተት ነው። አንዳንዱ ይወዳል፤ አንዳንዱ የሞርታር ፉጨት ሲሰማ ሰውነቱ ከአእምሮው ቀድሞ ይነሳል። «ጋሼ፣ የጦር ፊልም ነው፤ እንክፈተው ወይስ ሌላ እንይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። እሺ ካሉ በር አጠገብ ያለውን ወንበር ስጧቸው፣ ድምፁን ከሌላው ጊዜ በአንድ ሦስተኛ ቀንሱ፣ ቢነሱ «ወዴት ነው?» አትበሉ። በማሽ ወይም በባንድ ኦቭ ብራዘርስ ክፍል አንድ መጀመር ይሻላል፤ በፓስፊክ አትጀምሩ።

ዝናብ፣ ጨለማና ፍላሽ

የጦር ድራማ ድምፅ ሆን ተብሎ ሰፊ ነው፤ ሹክሹክታው በጣም ዝቅ፣ መድፉ በጣም ከፍ። ሐምሌ ላይ ቆርቆሮ ስር ሹክሹክታው ጨርሶ አይሰማም፤ ድምፅ ስትጨምሩ መድፉ ጎረቤት ይቀሰቅሳል። መፍትሔው ድምፅ መጨመር አይደለም። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ማስተካከያ ከፍታችሁ ንግግር የሚያጎላውን ወይም የሌሊቱን ምርጫ አብሩ፤ ከሌለው ትንሽ ስፒከር ተመልካቹ አጠገብ፣ በጆሮ ከፍታ አስቀምጡ። የቴሌቪዥኑ ስፒከር ብዙ ጊዜ ከኋላ ስለሆነ ግድግዳውን ነው የሚያናግረው።

ሥዕሉን በተመለከተ፦ ጭስ፣ በረዶ፣ ዝናብና ሌሊት ሲጨመቁ ወደ አራት ማዕዘን ብልጭልጭ ይለወጣሉ። አንድ ሰዓት የሚፈጀው ክፍል 300 ሜጋ ባይት ከሆነ «ማሽ»ን ያለ ችግር ታያላችሁ፤ ፓስፊክና ማስተርስ ኦቭ ዘ ኤር ግን ሾርባ ይሆናሉ። ለነሱ ቢያንስ 1 ጊጋ ለአንድ ክፍል አስቡ፣ ማለትም 10 ጊጋ ለ10 ክፍል፤ 16 ጊጋ ፍላሽ ይበቃል። ተራ ፍላሽ በሰከንድ ከ5 እስከ 10 ሜጋ ስለሚጽፍ ለመገልበጥ ከ20 እስከ 35 ደቂቃ ይወስዳል። ቸኩሎ መንቀል የመጨረሻውን ክፍል ያበላሻል፤ የምታውቁት ደግሞ ከሳምንት በኋላ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው። ስልክ ላይ በኔትፍሊክስ የምታዩ ከሆነ በከፍተኛ ጥራት በሰዓት እስከ 3 ጊጋ፣ በዝቅተኛው 0.3 ጊጋ ይበላል፤ በዋይፋይ አውርዶ ማስቀመጥ ይሻላል።

የባንድ ኦቭ ብራዘርስ ቀለም የደበዘዘው በዓላማ ነው። ቴሌቪዥኑ ተበላሸ ብላችሁ ቀለም አትጨምሩ።

ቴሌቪዥኑ ፍላሹን ጨርሶ ካላየው አዘገጃጀቱ (ፎርማቱ) ነው፤ ብዙ የቆየ ቴሌቪዥን ፋት 32 ብቻ ያነባል፣ ፋት 32 ደግሞ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። ሥዕል ኖሮ ድምፅ ከሌለ ቴሌቪዥኑ የማይፈታው የድምፅ ዓይነት ነው፤ ድምፅ ኖሮ ሥዕል ከሌለ በአብዛኛው ኤች 265 ነው። ሁለቱም በላፕቶፕ በቪኤልሲ ይከፈታሉ።

የጽሑፉ ፋይል ስም ከቪዲዮው ስም ጋር አንድ ፊደል ሳይለይ እኩል መሆን አለበት። ጽሑፉ ከንግግሩ ቢዘገይ ወይም ቢቀድም በቪኤልሲ የ«ጂ» እና የ«ኤች» ቁልፎች በ50 ሚሊ ሰከንድ ያንቀሳቅሱታል። መጀመሪያ ላይ ልክ ሆኖ እየቆየ ከሄደ ግን ቁልፉ አይጠቅምም፤ ጽሑፉ ለሌላ ፍጥነት የተሠራ ነው፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ይሸሻል። ሌላ ፋይል ፈልጉ።

በአንድ ማታ ስንት ክፍል?

ሁለት። አንዱ ክፍል ከአቦል እስከ በረካ ድረስ ይበቃል፤ ሁለተኛው ከእራት በኋላ። ሦስተኛውን የሚከፍት ሰው ፊቶቹን መቀላቀል ይጀምራል፣ የጅማ በርጩማ ላይ ለተቀመጠ ደግሞ ወገቡ ቀድሞ እምቢ ይላል። ከባድ ከሚባሉት (የባንድ ኦቭ ብራዘርስ 6፣ 7 እና 9፤ የፓስፊክ ከ5 እስከ 7 እና 9) በኋላ ሌላ ክፍል አትጨምሩ። መብራት መሃል ላይ ከጠፋ ካቆመበት ሳይሆን አሥር ደቂቃ ወደ ኋላ መልሳችሁ ጀምሩ፤ ማን የት እንደተኛ፣ ማን ወደየት እንደሮጠ የሚያስረዳው ብዙ ጊዜ ከተኩሱ በፊት ያለው ጸጥታ ነው።

ፍላሹን ከመውሰዳችሁ በፊት የባንድ ኦቭ ብራዘርስ ክፍሎች መጀመሪያቸው ያልተቆረጠ መሆኑን አረጋግጡ። በየክፍሉ መግቢያ ሽማግሌዎች ይናገራሉ፣ ስማቸው ግን አይጻፍም። ልጆቹ «እነዚህ ደግሞ እነማን ናቸው? እለፈው» ይላሉ። አትለፉት። አሥረኛው ክፍል ሲያልቅም ፋይሉን ቶሎ አትዝጉ፤ ስማቸው የሚጻፈው እዚያ ነው። ጋርኒር፣ ሊፕተን፣ ዊንተርስ።